ቢጫው ላይ ያለች ልጅ

ባለፈው ወር ከጎረቤቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የምንኖረው ልደታ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ቧንቧ ለስድስት ቤት ነው። እሷ ልብስ አጥባ ነው የምታድረው። እጥበት ሲጠፋ ምግብ ቤት ሄዳ ሽንኩርት ትልጣለች። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ ኬጂ ገብቷል። ትንሿ 11 ወሯ ነው። ሳል ይዟት ነበር የወሰድናት።

ሲስተሯ ደረቷን አዳመጠች፤ ሳሉ ቀላል ነው አለች። ከዚያ ከጋውኗ ኪስ ቀጠን ያለች ባለቀለም መለኪያ አወጣች። የልጅቷን ግራ ክንድ በትከሻና በክርን መሃል ላይ ጠምጥማ ጠጋ ብላ አነበበች።

«12.1 ናት። ቢጫ ላይ ነች።»

«ቢጫ ምን ማለት ነው ሲስተር?»

«ከቀይ ይሻላል። ግን ከስታለች። እንቁላል ስጪያት፣ ጎመን ስጪያት፣ ገንፎዋን ወፈር አድርጊው። የዛሬ ወር ይዘሻት ትመጪያለሽ። እሺ የኔ እናት?»

ጎረቤቴ እሺ አለች። ከበር ስንወጣ ግን ቆም አለች። «እንቁላል ስጪ አለችኝ። ደግ ነው። እንቁላሉን ለኔ የሚሰጠኝ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለድሃ እናትና ለትንሽ ልጅ በዚህ ከተማ መሃል ምን ዓይነት የምግብ ድጋፍ አለ? ማን ይሰጣል? የቱ በር ይንኳኳ? ያገኘሁትን እንደገባኝ ላስረዳ።

መለኪያዋ ምን ትናገራለች?

በዚያች ፕላስቲክ ልጀምር፤ ብዙ ነገር የሚወሰነው በሷ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የምታገለግል የክንድ ዙሪያ መለኪያ ናት። ሦስት ቀለም አላት። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ መካከለኛ ይባላል። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው።

ለእናትም መለኪያ አለ። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሆና የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ እሷም ተጎድታለች ማለት ነው። ይህን የሚለካልሽ ካጣሽ ራስሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ዓይን ሁሉ ልጁ ላይ ይሆንና እናቲቱ ትረሳለች።

ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ መክሳት ነው። ልጁ ሰሞኑን ስላልበላ ወይም ስለታመመ ሰውነቱ ይቀንሳል፤ መለኪያዋ የምትይዘው ይህንን ነው። ሌላው መቀንጨር ነው። ልጁ ለወራት የሚገባውን ሳያገኝ ኖሮ ቁመቱ ከዕድሜው ያንሳል። የቀነጨረ ልጅ ጉንጩ ሞላ ያለ ሊሆን ይችላል። ሰው «አጠር ያለ ነው፣ ወደ አባቱ ሄዶ ነው» ይላል። ቁመቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። አእምሮ በብዛት የሚሠራበትም ጊዜ ያው ነው።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ስለ 1,000 ቀናት ደጋግመው የሚያወሩት። የእርግዝናው 270 ቀን ሲደመር ሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት 1,000 ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ ስትለካ ከዚህ ውስጥ ወደ 400 ቀን ገደማ ነበር የቀራት።

አገሪቱ ይህን አጥታው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለውን ሲገባ ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2030 ማጥፋት ነበር። ለውጥም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ወደ 37 ወርዷል። አዲስ አበባ በዚያው ጥናት 14 ከመቶ ነበረች። ከአገሩ ሁሉ ስትታይ ጥሩ ቁጥር ነው። ግን 14 ከመቶ ማለት ከ7 ልጅ አንዱ ነው። ደግሞ አማካይ ነው። ቦሌ ፎቅ ላይ ያለው ልጅና ልደታ ቆርቆሮ ቤት ያለችው ልጅ አንድ ላይ ተደምረው ነው 14 የሆነው።

ቀይ ከሆነ

ልጅ ቀይ ላይ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ፣ ቫይታሚን የገባበት ፓኬት ይሰጠዋል፤ ሰዉ ፕላምፒናት የሚለው ነው። 92 ግራም ነው፤ በውስጡ 500 ካሎሪ ገደማ አለው። በውሃ አይበጠበጥም፣ አይበስልም። ልጁ ጥሩ አድርጎ ከበላውና ሌላ ሕመም ከሌለው ቤቱ ሆኖ ይታከማል፤ እናት በየሳምንቱ እያመጣች ታሳየዋለች። እምቢ ካለ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ይተኛል። እዚያ በልዩ ወተት ይጀመርለታል።

አንድ ነገር አደራ። የልጁ ሁለት እግሮች አብጠው በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቀቁ ጉድጓድ የሚቀር ከሆነ፣ መለኪያው አረንጓዴ ቢልም ጉዳዩ ከባድ ነው። «ወፈረልኝ» ተብሎ ቤት እንዳይቀመጥ።

ፕላምፒናት መድኃኒት ነው። ቤት ውስጥ ለትልቁ ልጅ እየተቆረሰ፣ አንዳንዴም ሱቅ እየተሸጠ እናያለን። የሚሸጡትን እናቶች ለመውቀስ አንደበቴ አይደፍርም፤ ዘይት ሲያልቅ የሚሆነውን አውቃለሁ። ነገር ግን የታዘዘው ፓኬት በልጁ ክብደት ተሰልቶ ነው። ግማሹ ከሄደ ልጁ አይድንም።

ቢጫ ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ቢጫ ላይ ላለ ልጅና ለተጎዳች ነፍሰ ጡር፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ የተመጣጠነ ዱቄት ወይም ማሟያ ምግብ ሲሰጥ ቆይቷል። አዲስ አበባ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የምትታሰብ ከተማ አይደለችም። ስለዚህ እዚህ ቢጫ ላይ ያለ ልጅ በአብዛኛው የሚያገኘው ምክርና ቀጠሮ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ሲስተሯም ያላትን ነው የሰጠችው። ግን ልጁ ምግብ እንዲሰጠው እስከ ቀይ መውረድ አለበት ማለት ይሆናል። ይህ ነገር ሁሌም ያበግነኛል። ቢጫ ላይ ያለን ልጅ በጥቂት እንቁላልና በጥሩ ዱቄት መመለስ ይቻላል። ቀይ ላይ ያለውን ለመመለስ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም የሆስፒታል አልጋ ይጠይቃል።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው «ዊክ» ሲባል ሰምቶ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ስትወልድ ነው እኔ የሰማሁት። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና 5 ዓመት እስኪሞላቸው ላሉ ልጆች የሚሆን የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች። እንደ ፈረንጆቹ በ1972 በሙከራ ተጀመረ፤ በ1975 ቋሚ ሆነ። እናቲቱ ካርድ ይሰጣታል። በካርዱ ሱቅ ገብታ የተወሰኑ ምግቦችን ትወስዳለች፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ፍራፍሬ፣ የሕፃናት እህል። አብሮ ምክር አለ፣ ልጁ ይመዘናል፣ ደሙ ይታያል። ምክሩና እንቁላሉ በአንድ በር ነው የሚገኙት።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ አንድ ካርድ የለም። እርዳታው ግን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በተለያየ በር ተበታትኖ ነው ያለው። አንዱ በር ሌላውን አያውቀውም። እናቲቱ ናት ሁሉን ማወቅ ያለባት፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም።

በሮቹ

የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያው ራሱ ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። እርጉዝ ሆነሽ ቶሎ ከሄድሽ ብረትና ፎሌት ያለበት ክኒን ይሰጥሻል፤ በእርግዝናው ጊዜ ቢያንስ ለ90 ቀን መወሰድ አለበት። ሆድ ስለሚያሳምም ብዙ ሴቶች በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። ማታ ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ይቀላል። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሁን፤ ብረቱን ያባክኑታል።

ልጁ 6 ወር ሲሞላው ቫይታሚን ኤ ይጀምራል። እስከ 5 ዓመቱ በየ6 ወሩ ጠብታ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ የትል መድኃኒት ይጨመራል። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ቤት ለቤት የሚልክ ነው። ሲያንኳኩ በር ይከፈትላቸው። ስማችሁ እነሱ መዝገብ ላይ መኖሩ በኋላ ወረዳ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። ከተማው በቅርብ ዓመታት በጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ሥራም ድሃ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የሚመክሩ ባለሙያዎች አሉ።

የጤና ወጪ ራሱ የምግብ ጉዳይ ነው። ልጁ ሲታመም የእንቁላሉ ገንዘብ ወደ ሽሮፕ ይሄዳል። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ተለይተው መንግሥት የሚከፍልላቸው መንገድም አለ። ይህም በወረዳ ነው የሚጠየቀው።

ሁለተኛው በር ሴፍቲኔት ነው፤ ድሃ ቤተሰቦችን በገንዘብ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ አሠራሩን ግን አያውቀውም።

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ተመድቦለት በ11 ከተሞች ተጀመረ። ትልቁ ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። በኋላ ሁለተኛ ምዕራፍ ተጨምሮለት ከተሞቹ በዙ። ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በአካባቢ ልማት ይሰማራል፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰው መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲያጠጡ የምናያቸው እናቶች ናቸው። ደመወዛቸው በባንክ ይገባል፤ ከዚያ ላይ 20 ከመቶው ይቆጠብላቸዋል። ሦስት ዓመት ሲሞላ በሥልጠናና በቁጠባቸው የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ ይታሰባል። መሥራት የማይችሉት፣ ማለትም ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ለእናቶች ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በአካባቢ ልማት ላይ ያለች ሴት ስታረግዝና ስታጠባ ከጉልበት ሥራው አርፋ ክፍያው እንዲቀጥልላት ፕሮግራሙ ይፈቅዳል። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ሆዷ ገፍቶ መጥረጊያ ይዛ ስትሠራ ያየኋት ሴት ነበረች። «ካቆምኩ ያወጡኛል» አለችኝ። እርግዝናሽን ከጤና ጣቢያ በወረቀት አስይዘሽ ለቡድን መሪሽና ለወረዳው ባለሙያ ማሳወቅ ነው። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ይረሳል።

መግባቱ ግን ቀላል አይደለም። ምዝገባው በዙር ነው። ሰፈር ውስጥ የልየታ ኮሚቴ አለ፤ ማን ድሃ፣ ማን የባሰ ድሃ እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ከዚያ ቤት ለቤት መጠይቅ ይሞላል። ዙሩ ካለፈ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አይታይም። ተከራይ ሆና በየ6 ወሩ ቤት የምትቀይር እናት፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ መታወቂያ ያላወጣች እናት፣ እነሱ ናቸው በጣም የሚያስፈልጋቸው፤ እነሱው ናቸው የሚያመልጣቸው።

ሦስተኛው በር ምገባ ነው። ይህ በእውነት የሚመሰገን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ። የጎረቤቴ ትልቁ ልጅ ኬጂ ከገባ ወዲህ ፊቱ ተለውጧል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ እንቁላል ነበር» እያለ ይነግረናል። ተስፋ ብርሃን የሚባሉት የምገባ ማዕከላትም አሉ። አቅም የሌለው ሰው በቀን አንድ ጊዜ በነፃ ይበላል። የምታጠባ እናት እዚያ ብትበላ ነውር የለውም። እሷ ስትበላ ልጁም እየበላ ነው።

አሁን ክፍተቱ የት እንዳለ አያችሁ? እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃ እንኳን አያስፈልግም። 4 ዓመት ገደማ ላይ ኬጂ ይገባና ትምህርት ቤት ያበላዋል። በመሃል ያሉት ሦስት ዓመት ተኩል ናቸው በር የሌላቸው። መቀንጨር የሚገባው ደግሞ በዚያው መሃል ነው።

የሥራ ሕጉም እዚያው ላይ ነው የሚሳሳው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአዋጅ 1064/2010 የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ተደንግጎ ነበር። ጥሩ ነው። የቤት ሠራተኛዋን ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አያካትታትም። ለሰው ልብስ የምታጥበውም የእለት እንጀራዋን እንጂ የወሊድ ፈቃድ አታውቅም። ጎረቤቴ በወለደች በሁለተኛ ወሯ ነው ወደ እጥበት የተመለሰችው። ልጅቷን ሠፈር ውስጥ ለአንዲት አሮጊት ትታ ትሄዳለች። እማማ ደግ ሰው ናቸው። ስታለቅስባቸው ዳቦ በሻይ ይሰጧታል።

ዳቦ በሻይ

ይህችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ የስንት ልጅ ምግብ ዳቦ በሻይ እንደሆነ አጎንብሶ ላየ ሰው ያስደነግጣል። ርካሽ ነው፣ ልጁ ይወደዋል፣ ዝም ይላል። ግን ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ትንሽ ብረት እንኳን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ልጅ ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት ደግሞ 6 ወር አካባቢ ያልቃል። ሻዩን ማስቀረት ብቻውን ምንም ወጪ የለውም። ዳቦው በሽሮ ወይም በምስር ክክ ፈሳሽ ይነከር።

ከዚያ ገንፎው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት። ቀጭን አጥሚት ሲጠጣ የሚሞላው በውሃ ነው። ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ ግን በዚያችው ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ምግብ ይዞ ይገባል። ሲስተሯ «ወፈር አድርጊው» ያለችው ለዚህ ነው። 6 እስከ 8 ወር ላለ ልጅ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ፤ ጡቱ ሳይቋረጥ።

ዱቄቱን ራስ ማዘጋጀት ይቻላል። ለ3 ብርጭቆ እህል፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ያለው ይሁን፣ 1 ብርጭቆ ጥራጥሬ። ሽምብራ ወይም ምስር ወይም አተር። ታጥቦ፣ ተቆልቶ ይፈጫል። አያቶቻችን ሳይጠየቁ ያውቁት ነበር፤ ሳይንሱም ይደግፈዋል፤ እህሉ ያጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል። ፋፋም ከዚሁ ሐሳብ ነው የወጣው። በ1962 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር እዚህ አዲስ አበባ የተቋቋመ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነበር። በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄትና ከቫይታሚን ጋር የተቀላቀለበት የልጆች ዱቄት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጣ። ዛሬ ማንኛውንም የልጅ ዱቄት ፋፋ እንላለን። ከ60 ዓመት በፊት ለዚህ ከተማ ድሃ ልጆች ዱቄት ማዘጋጀት ከተቻለ፣ ዛሬ ቢጫ ላይ ላለ ልጅ አንድ ከረጢት መስጠት የሚያቅት አይመስለኝም።

ገንፎው ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ጎመን ወይም የተፈጨ ካሮት፤ ሲገኝ እንቁላል። ዘይትና ዱቄት ከሸማቾች ሱቅ በተሻለ ዋጋ ሲመጣ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የእሁድ ገበያም ከመደበኛው ሱቅ ቀነስ ይላል።

ጾሙም አለ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ድስቱ ነው። ቤቱ ሁሉ ሲጾም ድስት እንዳይነካ ተብሎ ለልጁም እንቁላል አይሠራም፤ ወተትም አይገባም። ልጁ ሳያውቀው አብሮ ይጾማል። መፍትሔው ትንሽ ነው። ለልጁ የራሱ አንዲት ትንሽ መጥበሻና አንድ ማንኪያ ይለይለት። እርጉዝና አራስ የሆነች ደግሞ የንስሐ አባቷን ታማክር። ብዙዎቹ አባቶች «ብይ ልጄ» ነው የሚሉት።

ሰፈር ሲለቀቅ

በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ጫፍ ሄዷል፤ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ሰው ሲነሳ ቤቱ ብቻ አይደለም የሚቀየረው። ወረዳው ይቀየራል። የሴፍቲኔት ፋይሉ፣ የጤና መድኑ፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የድሮው ወረዳ ላይ ናቸው። የማውቃት አንዲት እናት አዲሱ ወረዳ መሸኛ አምጪ አላት፤ የድሮው ደግሞ ፋይልሽ ተልኳል አላት። በሁለቱ መሃል ሁለት ወር ያለ ክፍያ ቆየች። ከመነሳታችሁ በፊት መሸኛውን በእጅ ተቀበሉ። የእናትና የሕፃን ካርዱን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ከዕቃ ጋር ሳይሆን ከራሳችሁ ጋር ያዙት። የሁሉንም ፎቶ በስልክ አንሱ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለአንድ ልጅ ግን የሁለት ወር እንቁላል ነው።

ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴ ልጅ ቀጠሮ ነበር። ወሩን ሙሉ ሻዩ ቀርቶ ነበር። እማማም ከተነገራቸው በኋላ ሽሮ ሠርተው ያቆዩላታል። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ዶሮ ያላት ሴት አለች፤ በሳምንት ሦስት እንቁላል «ለሕፃኗ» ብላ ታቀብላለች።

ሲስተሯ ክንዷን ጠመጠመች። «12.3» አለች። «አሁንም ቢጫ ነው። ግን እየወጣች ነው።» ካርዱ ላይ ጻፈች፤ የሚቀጥለውን ቀን ከሥሩ አሰመረችበት።

ሰኞ ጠዋት ወረዳ እንሄዳለን። የሴፍቲኔቱ ልየታ መቼ እንደሚከፈት ለመጠየቅ ነው። መታወቂያዋንና የልጆቹን ካርድ ይዛለች። እኔም የዕለቱን ሥራዬን ለከሰዓት አዛውሬዋለሁ።